የተማሪ ቤት በደሴ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጅ አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ አያያዝ፥ ስለ ባልና ሚስት መከባበር ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ልጅ ከአባቱና ከእናቱ ቤት ወጥቶ የራሱን ትዳር እስኪመሠርት ድረስ በመካከል የሚያድርበት አንድ ሌላ ቤት እንዳለ ግን እምብዛም አናስበውም። ይኸውም የተማሪ ቤት ነው። በዚያ ቤት አባት የለም፤ እናትም የለችም፤ ታላቅ የሚባለውም ልጅ ከታናሾቹ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ቢሆን ነው። ሆኖም የብዙ ሰው አንደበት የሚፈታውና ጆሮው የሚከፈተው በዚያ ቤት ነው። የሌላውን ልማድ ሳይንቁ ከአንድ ገበታ መብላትንም ሰው የሚለምደው በዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ደሴ የተማሪ ቤት ጥቂት ለመጻፍ አስቤአለሁ።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቆረቆረች ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው አድርገው አቀኑዋት፤ አይጠየፍ የተባለውንም የግብር አዳራሽ በዚያው አሠሩ። የአዳራሹን ስም ሕዝቡ ሲተረጉመው፥ ደኻና ጌታ፥ ክርስቲያንና እስላም ሳይናናቁ የሚገቡበት ስለ ሆነ ነው ይላል። ልጃቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል የእቴጌ መነን እናት ነበሩ፤ በእርሳቸውም ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን የመላው ወሎ ልጆች መሰብሰቢያ ሆኖ ኖረ። በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልተከፈተበት ጊዜ የቦረና፥ የሳይንት፥ የወረ ኢሉ፥ የወረባቦ፥ የአምባሰልና የቃሉ ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ቢፈልግ መንገዱ ወደ ደሴ ነበረ። ትምህርት ቤቱ ማስተማሪያ እንጂ ማደሪያ አልነበረውምና፥ ልጆቹ ሦስትም አራትም አምስትም እየሆኑ ከከተማው ሰው ግቢ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ያችን ክፍል ነው የተማሪ ቤት የምንላት።

እኔ ከወረ ኢሉ ወደ ደሴ የመጣሁት በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከሌሎች አራት ልጆች ጋራ በአንዲት የጭቃ ቤት እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ተቀምጫለሁ። ጓደኞቼ ዛሬ በሕይወት ያሉም የሌሉም ስለ ሆኑ ስማቸውን አልጽፍም፤ በዚያ ጊዜ እንደምንጠራራው በየአገራቸው እጠራቸዋለሁ። አንዱ ቦረናው፥ አንዱ ወረባቦው፥ አንዱ አምባሰሉ፥ አንዱም ኮምቦልቻው ይባሉ ነበር።

ቤቲቱ ጣራዋ ቆርቆሮ፥ ወለልዋ በእበት የተለቀለቀ፥ ስፋትዋ አምስት ሰው በጎኑ ቢተኛ ስድስተኛው የማይጨመርባት ነበረች። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሌሊትዋ ብርድ ነው፤ ነፋሱም ከጦሳ ሲወርድ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ለዚህ መድኀኒቱ ጋዜጣ ነበረ። የቤቱን ግድግዳ ዙሪያውን በጋዜጣ ለጥፈን ስለ ነበረ፥ ሌላ መጽሐፍ ባጣን ጊዜ ግድግዳውን እናነብ ነበር። ይህን የመሰለውን ገጽ የሚያሰናዱ ሰዎች ጽሑፋቸው የት እንደሚደርስ ባያውቁትም፥ ከራስጌዬ በላይ ተገልብጦ የተለጠፈ አንድ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ዓምድ ነበረና፥ እርሱን አንገቴን እያዞርሁ አንብቤ ሙሉውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ንብ ግን እስከ ዛሬ አላረባሁም።

ምግባችን ስንቅ ነው። ጤፉ፥ ሽሮው፥ በርበሬው፥ በሶውና ድርቆሹ ከየአገራችን በስልቻ እየተቋጠረ፥ ለገበያ በሚመጣ ሰው ወይም በአውቶቡስ ጣራ ይላክልናል። ስንቁ በአንድነት ይቀመጣል፤ የእገሌ ነው የሚባል ስልቻ አልነበረም። ከአምስታችን ሁለቱ እስላሞች፥ ሦስታችን ክርስቲያኖች ስለ ነበርን በሥጋ ነገር እንዳንቸገር ሁለት ድስት ገዝተን ነበር። ያለ ጥል የተወሰነው የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ነገር ግን የተማሪ ቤት ሥጋ ሲያይ የሚኖረው በፋሲካና በዒድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለቱም ድስቶች ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ይሠራባቸው ነበር። በጾም ቀን ሦስታችን ጾመን ስንውል ሁለቱ ብቻቸውን መብላት እያሳፈራቸው ከእኛ ጋራ ይቈዩ ነበር፤ በረመዳንም እኛ ምሳችንን ወጥተን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እንበላለን። ይህን ማንም አላዘዘን፤ ወሎ የተወለደ ሰው ከቤቱ ይዞት ይመጣልና።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እስላም ሴት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም አንድ ሰው ታሞ ወይም ፈተና ወድቆ ያዘነ እንደ ሆነ ከደጃፍ ቆመው «አብሽር ልጄ» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈሉ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ሳንጠጣ አይለቁንም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማታ ኩራዝ ከበራና የትምህርት ቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ፥ ጋዙ እስኪያልቅ ያለችው ጊዜ የጨዋታ ጊዜ ነበረች። ሬዲዮ ያለው ኮምቦልቻው ብቻ ነው፤ አባቱ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ስለ ነበረ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ገዝቶለት ነበር። ባትሪዋ ግን በየሳምንቱ ስለሚደክም ሬዲዮው ዝም በሚልበት ቀን እያንዳንዱ ከአባቱ አገር የሰማውን ማቅረብ ግድ ሆነበት።

ቦረናው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ሆኖ በቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ያህል የኖረ፥ ድቁናም የተቀበለ ልጅ ነው። የቅኔን ሥርዓት እንዲህ እያለ አስረዳን፤ ተማሪው በመጀመሪያ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያ በኋላ ባለ ሦስቱን ዘአምላኪየን፥ እየቀጠለም እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀን በየዱሩ እየዞረ ያሰበውን ማታ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመለትን ያርምበታል። የወሎው የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ ስሙ የሚጠራ መሆኑንም በኩራት ይነግረን ነበር። እኛ ግዕዝ አናውቅምና በአማርኛ እንሞክር አልነው። ሞከርን፤ የእኔ እጅግ ደካማ ነበረ።

ወረባቦው ደግሞ የሼኽ ልጅ ነው። በአባቱ ዘንድ ደረሶች እየተሰበሰቡ ኪታብ ይቀሩ ስለ ነበረ፥ መንዙማን ከጡት ጋራ የጠባው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ከአገሩ ሲመለስ በዓረብ ፊደል የተጻፈ አሮጌ ወረቀት ይዞ መጣ። ቦረናው ዓረብኛ መስሎት «ትርጉሙን ንገረን» ቢለው፥ «ትርጉም አያሻውም፥ አማርኛ ነው» አለና አነበበልን። በዓረብ ፊደል አማርኛ መጻፉን ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ነገሩ ግን በወሎ የቈየ ነው፤ የወሎ ሊቃውንተ እስላም፥ ከእነርሱም መካከል ስመ ጥሩው ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር፥ መንዙማን በአማርኛ ደርሰው ለሕዝቡ አስተምረዋል። ዓረብኛ ጨ እና ኘ ስለሌሉት ጸሐፊዎቹ ያለውን ፊደል እያዋሱ ይጽፉ ነበር፤ ስለዚህም ማንበቡ ለለመደ ሰው እንጂ ለሌላው አይሆንም።

በዚያ ሌሊት ወረባቦው እያነበበ ቦረናው በእኛ ፊደል ገለበጠው። ዲያቆኑ የነቢዩን ውዳሴ ሲጽፍ፥ የሼኹ ልጅ ደግሞ ድምፁ በየትኛው ፊደል ቢጻፍ እንደሚሻል ሲከራከረው እኩለ ሌሊት ሆነ። በማግሥቱ እማማ ነገሩን ሰምተው መጥተው አስነበቡት። ከወረባቦው አንደበት ሳይሆን ከቦረናው ሲሰሙት ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ አንድ ስንኝ ተሳስቷል ብለው በቃላቸው አቀኑልን። ከሁላችንም የበለጡት ባለ ቅኔ እርሳቸው መሆናቸውን ያወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው። ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ ለመውሊድ ከሴቶች ጋራ የሚሉትን፥ እህል ሲፈጩ የሚያንጐራጉሩትን፥ ለሙሽራ የሚዘፍኑትን ግን ቈጥረን አልጨረስነውም።

አምባሰሉ ክራር ይመታ ነበር። ስለ ዜማ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ የአማርኛ ዘፈን ከሚጓዝባቸው ከአራቱ ቅኝቶች፥ ማለት ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ሁለቱ የወሎ አገር ስም የያዙ መሆናቸውን ልብ ይበል። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር ቈላ መውረጃ ያለች ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ በላይ ያለው ተራራ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ሲኖረው፥ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። አምባሰሉ አንዱን ግጥም በአራቱም ቅኝት እየለዋወጠ ሲያሰማን፥ ያው ቃል በአንዱ ሲያስቅ በሌላው ሲያስለቅስ ሰምተናል። ጓደኛችን ኮምቦልቻው ደግሞ ዘፈን የማይሆንለት፥ እጁ ግን ለሥዕል የተፈጠረ ልጅ ነበር፤ በከሰል ግድግዳውን፥ በቀለም የሻይ ቤቶችን ሰሌዳ እየሳለ የቤታችንን ጋዝ የሚገዛልን እርሱ ነው።

የሰማነውና የደረስነው እንዳይጠፋ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። የደብተሩ ፊት የቤቱ ሒሳብ ነው፤ ዘይት፥ ጨው፥ ጋዝ፥ ሳሙና፥ የቤት ኪራይ፥ ማን እንደ ከፈለና ማን እንደ ቀረበት ይጻፍበታል። ከጀርባው ተገልብጦ ሲከፈት ግጥምና መንዙማ፥ ቅኔና የእማማ እንጉርጉሮ አለበት።

ይህ ነገር በእኛ ቤት የተጀመረ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር አባ ኢየሱስ ሞአ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው በአንድነት ያኖሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ከተማሩት አንዱ ናቸው። በ1280 ዓ.ም. ገደማ፥ አሁንም በኤውሮፓ አቈጣጠር፥ ለአባ ኢየሱስ ሞአ የተጻፈው ባለ ሥዕል ወንጌል ዘመናቸው ተለይቶ ከታወቁት የኢትዮጵያ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አብሮ ማደር፥ አብሮ መጸለይና አብሮ መጻፍ በዚያ ቤት አንድ ሥራ ነበረ። የደረሳውም ማደሪያ እንደዚሁ ነው፤ በደቡብ ወሎ ያለው የጀማ ንጉሥ ደብር በሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ዘመን ከታወቀ ወዲህ ደረሳው ከሩቅ አገር እየመጣ ከሼኹ ዘንድ እየኖረ ሲቀራ፥ መንዙማውም ከዚያ እየወጣ በየአገሩ ተሰምቷል።

በውጭ አገር የሆነውን አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ምንም እንኳ ሮማ ከደሴ ሩቅ ብትሆን፥ የነገሩ ባለቤት የዚሁ አገር ሰው ነው። በሮማ ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማደሪያ የሆነ ቤት ነበር፤ እርሱም እንደ ሐይቁ ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ይጠራል። ከዚያ ቤት ካደሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1649 ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ወደዚያ ቤት ሄዶ አባ ጎርጎርዮስ ከሚባሉ መነኩሴ ጋራ ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ይህም ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው የጥንቱ የአምሐራ ምድር ነው። ሉዶልፍ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ አስመጥቷቸው ከእርሳቸው ጋራ ከሠራ በኋላ፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሰፊ የአማርኛ ሰዋስው ከምን ተገኘ ቢባል፥ አንድ የወሎ መነኩሴ በእንግድነት ካደረበት ቤት ጨዋታ ተገኘ ለማለት ይቻላል።

ወደ ደሴ ልመለስ። በዚያ ዘመን በከተማው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የሚባለው ስሙ ገናና ነበር። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችው ከእርሱ ነው። እኛ ለመግቢያ የምንከፍለው ገንዘብ ስለሌለን አንዳንድ ቀን ከአዳራሹ ውጭ ቆመን እናዳምጥ ነበር። አምባሰሉ ከሁላችን አብልጦ ያዳምጣል፤ ቤት ሲደርስ የሰማውን በክራሩ ይደግመዋል። በጊዜው በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት የኪነት ቡድኖች ሁሉ የመንግሥቱን መፈክር እንዲያዜሙ ግዴታ ነበረባቸውና፥ «ዜማው የአገሬ ነው፥ ቃሉን ግን አባቴ አያውቀውም» ይል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የዜማው ኀይል ከመፈክሩ በልጦ ነው እነዚያ ዘፈኖች እስከ ዛሬ የሚሰሙት።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን መናገር ይከብዳል። በሰሜን ወሎና በአምባሰል ዝናም ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የደብተሩ ፊት ይህን ያሳያል፤ ከመስከረም በኋላ ከአምባሰል የመጣ ስንቅ የሚል መስመር የለበትም፤ ከታኅሣሥ በኋላ የወረባቦም ጠፋ፤ ከቦረና ብቻ ጥቂት ጤፍ ይመጣ ነበር። በደሴ ጎዳና ከገጠር ተሰደው የመጡ ሰዎች ከየአጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ስልቻው የጋራ ነው ብለን ስንጀምር ለጨዋታ የተናገርነው ቃል ያን ዓመት ተፈተነ። በቀን አንድ ጊዜ እንድንበላ ወሰንን፤ ኮምቦልቻው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቱ እየወረደ የእናቱን እንጀራ በመሶብ ይዞ ይመለስ ነበር። እማማም ሦስት ወር የቤት ኪራይ አልተቀበሉንም፤ ደብተሩ ላይ ለሦስቱ ወር የተጻፈው «አብሽሩ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የአምባሰሉ አባትና እናት ከታናሽ እኅቱ ጋራ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ተወሰዱ። እርሱ የሰማው ከገበያ ሰው ነው፤ ሄዶ ሊሰናበታቸው ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክራሩን ከአምባሰል ቅኝት በቀር በሌላ አልቃኘውም። ተው ያለውም የለም።

በ1978 ዓ.ም. ሁላችንም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተንን። ቦረናውና እኔ አለፍን፤ ወረባቦው ወደ ንግድ ገባ፤ ኮምቦልቻው የአባቱን ሥራ ያዘ። አምባሰሉ ግን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እንደ ብዙ እኩዮቹ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ፤ አልተመለሰም። ክራሩን ከእማማ ዘንድ ትቶት ነበር። እማማ ሲሞቱ ክራሩ ወዴት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ደብተሩን ቦረናው ወስዶት ስለ ነበረ ተረፈ።

ዛሬ የደሴ ነገር ብዙ ተለውጧል። ወይዘሮ ስሂን አሁን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲም ከመላው ኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎችን በማደሪያ ሕንጻ ያኖራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱ ከተሞች በተያዙባቸው ሳምንታት ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገና ሥራውን ጀምሯል። ማደሪያ መሠራቱ መልካም ነው፤ ልጅ በብርድና በረኀብ መማር የለበትም። ነገር ግን በማደሪያ ሕንጻ ተማሪው የሚተኛበትን አልጋ እንጂ የሚጋራውን ድስት አያገኝም፤ ቡና አፍልታ የምታስቀምጠው፥ ስንኝ ሲሳሳት የምታርመው የቤት ባለቤትም የለችም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን ዛሬም ከገጠር እየመጡ በከተማው ቤት ይከራያሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ናቸው፤ በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ መማርዋ ብርቅ ነበረ። ቤት ያላችሁና ለተማሪ የምታከራዩ አንባቢዎች፥ ከኪራዩ በላይ ከእነርሱ የምትጠይቁት ነገር አለ፤ ከአያታቸው የሰሙትን ጠይቋቸው፥ የእናንተንም ንገሩዋቸው። ልጃቸውን ወደ ከተማ የላኩ ወላጆችም ስለ ውጤቱ ሲጠይቁት ከማን ጋራ እንደሚያድርና ማታ ማታ ምን እንደሚጫወቱ ቢጠይቁት ከውጤቱ ያላነሰ ነገር ይሰማሉ። አንዳንድ አባት ይህን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላል፤ አባቴም እንደዚያ ይል ነበር፤ እኔ ግን ከአምስታችን በዚያ ጨዋታ ምክንያት ትምህርቱ የተበላሸበት አላየሁም።

ቦረናው ዛሬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ደብተሩን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ከሌላ ዕቃ አስቀድሞ ከቤቱ ይዞት እንደ ወጣ ነግሮኛል። ሉኩ ቢጫ ሆኗል፥ የጋዝ ጠብታ ያረፈበትም ገጽ አይነበብም፤ የቀረው ግን ደኅና ነው። ባለፈው ዓመት የወረባቦው ልጅ የሆነችው ወጣት ፊቱንም ጀርባውንም ሳትለይ፥ የዘይቱን ሒሳብ ከመንዙማው ጋራ፥ በኮምፒውተር ገልብጣ አምስት ቅጂ አድርጋዋለች። አራቱን ተከፋፍለናል። አምስተኛው የአምባሰሉ ድርሻ ስለ ሆነ ለእኅቱ ይድረስ ብለን፥ የኢሉባቦር ሰፈራ መንደሮችን በሚያውቁ ሰዎች በኩል እያስጠየቅን ነው።